ቡርጅ ኸሊፋ ላይ የወጣ ሁሉ 828 ሜትር አልወጣም

ከዱባይ የሚላክልን ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ፏፏቴው አጠገብ ቆሞ ፈገግ ይላል። ፎቶ አንሺው ቡርጅ ኸሊፋን እስከ ጫፉ ለማስገባት ተንበርክኮ፣ ሲብስበትም በጀርባው ተኝቶ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነጣጥራል። ጫፉ አሁንም ይቆረጣል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን ምንም አይጎድለውም፦ "የዓለማችን ረጅሙ ሕንፃ ላይ፣ 828 ሜትር!" ስለ እስያ ረጃጅም ሕንፃዎች የምንሳሳተው አብዛኛው ነገር ከዚህች ቁጥር ይጀምራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ቡርጅ ኸሊፋ ላይ የወጣ 828 ሜትር ወጥቷል"

ጎብኚ የሚደርሰው 124ኛና 125ኛ ፎቅ ነው፤ ለትኬቱ ጨምሮ ከከፈለ ደግሞ 148ኛ። እሱም ከመሬት 555 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሊገለገልበት የሚችለው የመጨረሻው ፎቅ ራሱ 585 ሜትር አካባቢ ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው 244 ሜትር ሰው የማይኖርበት ሾጣጣ ጫፍ ነው። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ስለሆነ፣ ባዶው ክፍል ብቻውን ይበልጠዋል ማለት ነው። እንደ ባንዲራ እንጨት አናቱ ላይ የተሰካ ነገር ግን አይምሰላችሁ። ከ4,000 ቶን በላይ ብረት ፈጅቷል፤ ሕንፃው ውስጥ ተገጣጥሞ በሃይድሮሊክ ግፊት ቀስ በቀስ ወደ ላይ የወጣ ነው።

ሰው የሚኖርበት ክፍል ቁመትም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2011 ረመዳን ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ነዋሪዎች ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ የዱባይ ሙፍቲ ተናገሩ። ታች ያለው ጀምበር ጠለቀች ብሎ ቴምር ሲያነሳ፣ ላይ ያለው ገና ያያታላ!

"ዱባይ በነዳጅ ብሯ ሠራችው"

ነዳጁ ያለው በብዛት አቡዳቢ ነው። ሕንፃው ከ2004 ጀምሮ ሲገነባ ስሙ "ቡርጅ ዱባይ" ነበር። ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ ዱባይን ዕዳ አንቆ ያዛት፤ በ2009 መጨረሻ አቡዳቢ በ10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰችላት። ከሳምንታት በኋላ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ሲመረቅ፣ ስሙ ቡርጅ ኸሊፋ ሆኖ ተገለጠ። ኸሊፋ ቢን ዛይድ የአቡዳቢ ገዢ ነበሩ። ታዲያ ውለታ ከዚህ በላይ በምን ይከፈላል? ንድፉ የቺካጎ ነው፣ ዋናው ተቋራጭ የኮሪያው ሳምሰንግ፣ ጉልበቱ በአብዛኛው የደቡብ እስያ ሠራተኞች። በበጋው ሙቀት ኮንክሪቱ እንዳይሰነጠቅ በረዶ ተደባልቆበት ሌሊት ሌሊት ነበር የሚሞላው።

እግረ መንገዴን፦ በመርከብ ሸራ ቅርጽ የተሠራው ቡርጅ አል አረብ ሌላ ሕንፃ ነው። "ሰባት ኮከብ" የሚባለውም የወሬ ማዕረግ ነው፤ ይፋዊ ደረጃው አምስት ኮከብ ነው።

"ፔትሮናስ ከቺካጎው ሕንፃ ስለሚረዝም የዓለም ረጅሙ የመባልን ክብር ወሰደ"

ይህኛው ያከራክራል። ፔትሮናስ የሚባሉት የማሌዥያ ዋና ከተማ የኩዋላ ላምፑር መንትያ ሕንፃዎች 451.9 ሜትር ናቸው። የቺካጎው ሲርስ ታወር (ዛሬ ዊሊስ ታወር ይባላል) ጣሪያው 442 ሜትር ላይ ነው፤ አናቱ ላይ ያሉት አንቴናዎች ግን ከ520 ሜትር ያልፋሉ። የረጃጅም ሕንፃዎችን ቁመት የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት፣ ሾጣጣ ጫፍ የሕንፃው ንድፍ አካል ስለሆነ ይቆጠራል፣ አንቴና ግን የሚተከልና የሚነቀል ዕቃ ስለሆነ አይቆጠርም ብሎ ለማሌዥያ ፈረደ። ሰው የሚሠራበት የፔትሮናስ የመጨረሻ ፎቅ ግን ከሲርሱ ዝቅ ይላል። አሜሪካኖቹ አጉረመረሙ፤ እውነቴን ነው፣ እኔም ለእነሱ አደላለሁ። ምክር ቤቱ በኋላ ጫፍን፣ ጣሪያንና የመጨረሻውን ፎቅ ለየብቻ መመዝገብ የጀመረው ከዚህ ጭቅጭቅ ወዲህ ነው።

634 ሜትር የሆነው የቶኪዮ ስካይትሪ ከ632 ሜትሩ የሻንጋይ ታወር በላይ ያልተመዘገበውም በዚሁ ምክር ቤት ሕግ ነው። ቢያንስ የቁመቱ ግማሽ ሰው የሚገለገልበት ፎቅ ካልሆነ ማማ እንጂ ሕንፃ አይባልም።

"የታይፔይ 101 ኳስ ለመሬት መንቀጥቀጥ ነው"

ታይዋን መሬቷ ስለሚንቀጠቀጥ ግምቱ አይገርምም። ነገር ግን ታይፔይ 101 በሚባለው የታይዋን ረጅም ሕንፃ ውስጥ 660 ቶን የሚመዝነው ወርቃማ ኳስ የተሰቀለው በዋናነት ለነፋስ ነው። 41 ወፋፍራም የብረት ሳህኖች ተደራርበው ተበይደዋል፤ ከ92ኛ ፎቅ በወፍራም ገመድ ተንጠልጥሎ እስከ 87ኛ ይወርዳል። አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ ሰው መኪናው ሲታጠፍ ገላው ወደ ሌላው ጎን እንደሚቀር ሁሉ፣ ሕንፃው በነፋስ ሲገፋ ኳሱ ወደ ኋላ ይቀርና ይጎትተዋል። ከሥሩ ያሉት የዘይት ፒስተኖች ጉልበቱን ይውጡታል። በኦገስት 2015 በሱዴሎር አውሎ ነፋስ አንድ ሜትር ያህል ተወዛወዘ። ጎብኚዎች ቀርበው ያዩታል፤ እንደ ዕቃ ማከማቻ ጨለማ ውስጥ የተደበቀ ነገር አይደለም። የሚወዛወዝ ሕንፃ ሁሉ በደንብ ያልተሠራ ነው የምንል ካለን ደግሞ፣ ያን ያህል ርዝመት ያለው ነገር ድርቅ ቢል ነው የሚያሰጋው።

"የጅዳው ሕንፃ ቡርጅ ኸሊፋን በልጧል"

ከ1,000 ሜትር በላይ እንዲሆን ታቅዶ በ2013 ተጀመረ፣ በ2018 ቆመ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ እንደገና ቀጠለ። እዚህም እዚያም የሚዞሩት "ያለቀ" ሕንፃ ምስሎች የኮምፒውተር ሥራ ናቸው።

"ታላቁ የቻይና ግንብ ከጨረቃ ይታያል"

ርዝመቱን አይቶ ስፋቱን የረሳ ሰው ያወራው ነው። ግንቡ እንደ መንገድ ጠባብ ነው፤ ቀለሙም ካለበት መሬት ጋር ይመሳሰላል። በ2003 ወደ ህዋ የወጣው የመጀመሪያው ቻይናዊ ያንግ ሊዌ እንኳ፣ ከጨረቃ ይልቅ ለመሬት በጣም ቅርብ ከሆነው ምሕዋሩ ሆኖ፣ አላየሁትም ብሏል።

የርዝመቱ ቁጥር ራሱ ጉድ ነው። 21,196 ኪሎ ሜትር የሚባለው በተለያዩ ሥርወ መንግሥታት የተሠሩት ግንቦች ሁሉ ተደምረው ነው፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም። ጎብኚ የሚወጣበት የሚንግ ዘመኑ 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእሱም ውስጥ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ተራራና ወንዝ ነው፤ ማንም ድንጋይ አልደረደረበትም፣ ግን ተቆጥሯል።