ሬድ ሃት ላይ ሪፖዚቶሪ ስንደራርብ

ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) የሚወርድበት ማከማቻ ሪፖዚቶሪ ይባላል። "ተስማሚ ሪፖዚቶሪ" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያደናግራል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ የአንዱ ፓኬጅ ከሌላው ጋር አይጋጭም።

ተጨማሪ ፓኬጆች የያዘውን ሪፖዚቶሪ፣ ኢፔልን እንውሰድ። የሚያዘጋጀው ፌዶራ ፕሮጀክት የተባለው የሊኑክስ ማኅበረሰብ ነው። በደንቡ መሠረት ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ውስጥ ያለውን ፓኬጅ አይተካም፤ የጎደለውን ይጨምራል እንጂ። አርፒኤም ፊውዥን የተባለው ሌላ ሪፖዚቶሪ ኢፔል ላይ ተደግፎ የተሠራ ስለሆነ ኢፔል ቀድሞ መጫን አለበት። የሬሚ ሪፖዚቶሪም ኢፔልን ይፈልጋል። ግን እሱ አዲስ ፒኤችፒ (የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ይዞ የሲስተሙን ፒኤችፒ ሊተካ ይችላል። ይሄ ጥፋት አይደለም፤ የተፈጠረበት ዓላማ ነው። አውቃችሁ ግቡበት።

ጣጣው የሚመጣው ሁለት ሪፖዚቶሪዎች አንድ ዓይነት ስም ያለው ፓኬጅ ሲይዙ ነው። ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም ዲኤንኤፍ ሌላ ነገር ካልተነገረው ከፍ ያለውን ቨርዥን ይመርጣል። ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ይህን የሚቀይረው በሪፖዚቶሪው ፋይል ላይ የሚጻፈው የቅድሚያ ቁጥር (priority) ነው። ካልነካችሁት 99 ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ የሚቀድመው ትንሹ ቁጥር ነው! 10 የሰጣችሁት ሪፖዚቶሪ ቨርዥኑ ዝቅ ቢልም እንኳ 99ን ያሸንፋል።

ሬድ ሃት 8 እና 9 ላይ ከኢፔል ጋር ኮድሬዲ ቢልደር የተባለውን የሬድ ሃት ሪፖዚቶሪም አብሩት። አንዳንድ የኢፔል ፓኬጆች የሚፈልጉት ላይብረሪ እዚያ ነው ያለው።