ፕሮጀክት ብሉ ቡክ ምንድን ነው?

አመሻሽ ላይ ከጦሳ ተራራ በላይ አንድ ደማቅ ነገር ሲታይ ደሴ ላይ ስልክ ይወጣል። ይቀረጻል፣ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል፣ ከሥሩ "ዩፎ (ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) ነው" የሚል ይበዛል። የአሜሪካ አየር ኃይል ይህን ዓይነቱን ወሬ ሰብስቦ ለዓመታት መርምሮታል። የምርመራው ስም ፕሮጀክት ብሉ ቡክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ በ1969 መጨረሻ ተዘጋ። መቀመጫው ኦሃዮ ውስጥ የሚገኘው የራይት ፓተርሰን አየር ኃይል ሰፈር ነበር። ከእሱ በፊት "ሳይን" እና "ግራጅ" የተባሉ ሁለት ምርመራዎች ነበሩ።

ወታደር ምን አገባው? ይህን ደሴ በደንብ ታውቀዋለች። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ዛሬም አለ። ከላይ የመጣው ነገር የማን እንደሆነ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። አሜሪካኖቹም በዋናነት ያሳሰባቸው ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ሳይሆን የሶቪየት አውሮፕላን ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አየሁ ያለ ሰው ቅጽ ይሞላል፦ ስንት ሰዓት፣ በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል ቆየ። መርማሪዎቹ ይህን ከበረራ መዝገብ፣ ከአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛዎችና ከከዋክብት አቀማመጥ ጋር ያመሳክራሉ። ብዙው ፕላኔቷ ቬነስ፣ ተወርዋሪ ኮከብ፣ ፊኛ ወይም አውሮፕላን ሆኖ ይገኛል።

የሥነ ፈለክ አማካሪያቸው አለን ሃይኔክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሚሺጋን ውስጥ ሰዎች ላዩት ብርሃን "የረግረግ ጋዝ ሊሆን ይችላል" ብሎ ሕዝብ ተቆጣበት፤ ነገሩ ኮንግረስ ድረስ ደረሰ። ያ ቁጣ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ያየውን በቅንነት የተናገረ ሰው ጥድፊያ የበዛበት መልስ አይገባውም። ሃይኔክ ራሱ በኋላ የአየር ኃይሉን አሠራር አጥብቆ ተችቷል።

በመጨረሻ ከ12,618 ሪፖርቶች 701 ሳይፈቱ ቀሩ። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ኮንደን መሪነት ያካሄደው ጥናት "ምርመራውን መቀጠል ለሳይንስ ብዙም አይጠቅምም" አለ፤ ፕሮጀክቱም ተዘጋ። አየር ኃይሉ ለአገር ደህንነት የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም፣ ከሌላ ዓለም መጡ የሚያሰኝ ማስረጃም የለም ብሎ ደመደመ።

701ዱን አቅልዬ አላያቸውም። ግን አልተፈቱም ማለት ከሌላ ዓለም መጡ ማለት አይደለም። መንግሥት የሚደብቀው ነገርም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን ከ60,000 ጫማ በላይ ይበር ነበር። ታች መሬቱ ሲጨልም እሱ ላይ ገና ፀሐይ አለ፤ ክንፉ ያበራል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በኋላ ባወጣው ታሪክ እንደሚለው፣ መርማሪዎቹ አንዳንዱን ሪፖርት ከዩ-2 በረራ ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ ለጠያቂው ግን እውነቱን መናገር አይችሉም።

እኛም ጋ ዘዴው ይሠራል። ከጦሳ በላይ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ሳይንቀሳቀስ የሚያበራው ብዙ ጊዜ ቬነስ ነው። በሰልፍ ተከታትለው የሚሄዱ መብራቶች የስታርሊንክ ሳተላይቶች ይሆናሉ። ኮምቦልቻ ላይ ለማረፍ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ደግሞ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ቪዲዮውን ስትለቁ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ጻፉበት፤ ያለ እነሱ ማንም ሊያጣራው አይችልም።