የመጫወቻ ማዳበሪያ ከቴሌግራም፦ ወሬውና እውነታው

ያገለገሉ የሕፃናት መጫወቻዎች በማዳበሪያ ወይም በካርቶን ታጭቀው ቴሌግራም ላይ ይሸጣሉ። ሻጩ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። እኛ አዳማ ቁጭ ብለን በስልክ እንከፍላለን፣ ዕቃው በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይላክልናል። የሚገዛው አንዳንዱ ለቤቱ ነው፣ አንዳንዱ ትንሽ የሕፃናት ማቆያ ከፍቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቸርችሮ ማትረፍ ይፈልጋል። ሁሉም ዘንድ የሚዞረው ወሬ ግን ተመሳሳይ ነው፣ ግማሹም ልክ አይደለም።

«በጅምላ ሲገዛ ርካሽ ነው»

ርካሽ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ማዳበሪያው ከተዘረገፈ በኋላ ነው። እንበል 6,000 ብር ከፍላችሁ 60 ዕቃ መጣ። አንዱ 100 ብር ወደቀ ማለት ነው፣ ደስ ይላል። ከዚያ መለየት ስትጀምሩ ጎማ የሌለው መኪና ይወጣል፣ ግማሹ የጠፋ ፐዝል ይወጣል፣ ባትሪ ፈስሶበት የዛገ ፒያኖ ይወጣል፣ የምን አካል እንደሆነ ማንም የማያውቀው የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ደግሞ ሞልቷል። ደህናው 25 ብቻ ከሆነ አንዱ 240 ብር ገባ። የሹፌሩ፣ የባጃጁ፣ የባትሪውና የሳሙናው ገና አልተደመረም። በዚህ ዋጋ እኮ ገበያ ወጥቶ እየነካኩ መምረጥ ይቻላል።

ስለዚህ «ስንት ፍሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይረባም። «ተለይቷል ወይስ እንደመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተለየ ማዳበሪያ ላይ ዋጋ ቢጨምር አያስቆጭም። ፎቶ አትመኑ፣ ከየትም ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ዕቃውን መሬት ላይ ዘርግፎ፣ የናንተን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ አጠገቡ አስቀምጦ ቪዲዮ ይቅረጽላችሁ። ሊሸጥ የፈለገ ሰው ይሄን ለመሥራት አይሰንፍም። «እህቴ፣ ካላመንሽኝ ተይው» ካላችሁ ደግሞ ምክሩን ተቀበሉ፣ ተዉት።

በጅምላ ቢገዛ የማያስከፋ ነገርም አለ። ገጣጣሚ ብሎኮች ለምሳሌ። አንድ ፍሬ ቢጎድል ጨዋታው አይቆምም። የሌጎ ጡብ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው ከዛሬው ጋር ይገጥማል። ኳስ፣ የፕላስቲክ ኩባያና ሳህን፣ ተደራራቢ ቀለበት፣ እነዚህም ደህና ናቸው። ፐዝልና የሚዘፍን ነገር ግን በማዳበሪያ አይገዛም፣ በቃ።

«ከውጭ የመጣ ኦሪጅናል ስለሆነ ችግር የለውም»

ይሄኛው በጣም የሚያታልለን ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ለምን ከውጭ እንደመጣ ማን ጠየቀ? ልጁ አድጎ ሊሆን ይችላል። ዕቃው አደገኛ ነው ተብሎ ከገበያ የተሰበሰበም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ማቴል በ2007 እ.ኤ.አ. በቀለማቸው ውስጥ እርሳስ (መርዛማው ብረት) በመገኘቱና ትንንሽ ማግኔቶች ስለሚላቀቁባቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ መጫወቻዎችን ጠርቶ ሰብስቧል። የማቴል ንብረት የሆነው ፊሸር ፕራይስ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. «ሮክ ኤንድ ፕሌይ» የሚባለውን ተወዛዋዥ የሕፃን መተኛ፣ ከ30 በላይ ሕፃናት ሞት ከሱ ጋር ከተያያዘ በኋላ፣ ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚሆነውን እንዲመለስ ጠርቷል። ሁሉም ተመልሷል ብሎ የሚያስብ የለም። ስለዚህ ትልልቅ ዕቃ ሲሆን ከታች የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አስልኩና ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ዝርዝሩን ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል።

የእርሳስ ነገር ከተነሳ፦ አሜሪካ በመጫወቻ ቀለም ላይ የሚፈቀደውን መጠን ከሚሊዮን 600 እጅ ወደ 90 እጅ ያወረደችው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ቀለሙ የሚላላጥ መጫወቻ ሁሉን ነገር ወደ አፉ ለሚወስድ ልጅ አይሰጥም። የሚያምር የድሮ የእንጨት ባቡር ቢሆንም። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

«ሲኢ» (CE) የሚለው የአውሮፓ የደህንነት ምልክትም ብዙ አያጽናና። አብዛኛው መጫወቻ ላይ ምልክቱን የሚያደርገው አምራቹ ራሱ ነው። የሚናገረውም ዕቃው አዲስ እያለ ስለነበረው ሁኔታ ነው፣ አምስት ልጆች ከነከሱት በኋላ ስላለው አይደለም።

«ባትሪው ሞቷል፣ ምን ያደርጋል?»

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። የሚያበሩና የሚዘፍኑ ትንንሽ መጫወቻዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሳንቲም የሚመስለው ባትሪ ነው፣ «የሰዓት ባትሪ» የምንለው። ልጅ ሲውጠው ጉሮሮ ላይ ሊሰካ ይችላል፣ በተለይ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው። ችግሩ ማነቁ ብቻ አይደለም። እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪኩ ይተላለፍና እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ነገር እዚያው ይፈጠራል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከባድ ቁስል ሊያደርስ ይችላል። መጫወቻውን ማዘፈን ያቃተው «የሞተ» ባትሪም ለዚህ የሚሆን ጉልበት አያጣም።

ምልክቱ ደግሞ ያሳስታል። ልጁ ያስላል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ አልበላም ይላል። ጉንፋን ነው ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዴም ጭራሽ ምልክት የለውም። ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ነገ ይታያልም አትበሉ፤ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፣ ባትሪ እንደጠረጠራችሁም በር ላይ ተናገሩ።

ማዳበሪያው ሲመጣ ካቻቢቴ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የባትሪ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆን አለበት። ክዳኑ የጠፋ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ወይም በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ ጣሉት፣ መጫወቻውንም ዝም ብሎ ይጫወትበት። ዝም ያለ መጫወቻ ለወላጅም ዕረፍት ነው።

ማግኔትም እንደዚሁ ነው። አንዱ ቢዋጥ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሁለት ከሆኑ ግን አንጀት ውስጥ በግድግዳው ማዶና ማዶ ሆነው ይሳሳቡና ይበሱታል። የተሰነጠቀ ማግኔታም መጫወቻ ወደ ቆሻሻ።

«ሕፃን ምን ያውቃል፣ ሁሉንም ይጫወትበታል»

የማያውቅ ስለሆነ እኮ ነው የሚውጠው! ማሸጊያው ላይ ያለው ዕድሜ የልጁን ብልህነት የሚለካ የሚመስላቸው አሉ፤ «የኔ ልጅ ፈጣን ነው» ብለው ለአራት ዓመት የተሠራውን ለአንድ ዓመቱ ይሰጣሉ። ከሦስት ዓመት በታች የሚለው ክልከላ በአብዛኛው ስለ መታነቅ ነው። በማዳበሪያ ሲመጣ ደግሞ ማሸጊያ የለም፣ የሁሉም ዕድሜ ተደባልቋል። መለያው ቀላል ነው፦ ሶፍት ተጠቅልሎበት የነበረውን ክብ ካርቶን ውሰዱ። በውስጡ የሚያልፍ ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የአሜሪካው መመዘኛ ቱቦ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ የሶፍቱ ካርቶን ትንሽ ስለሚሰፋ እንዲያውም የበለጠ ጥብቅ ነው። የአሻንጉሊት ዓይንና ቁልፍም በደንብ ሳቡት። በናንተ እጅ ከተነቀለ በልጁ ጥርስም ይነቀላል።

«በረኪና ውስጥ ከተዘፈዘፈ ያልቃል»

አያልቅም። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ጉልበቱ ይባክናል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ መታጠብ አለበት። ከዚያ በውኃ የቀጠነ በረኪና፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አብራችሁ እንዳትጨምሩ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ባትሪ ያለበት ዕቃ አይዘፈዘፍም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

መታጠቢያ ውስጥ የሚገቡትን፣ ሲጨመቁ ሲጥ የሚሉትን ዳክዬዎች ነጭ ሶፍት ላይ ጨመቅ አድርጓቸው። ጥቁር ነገር ከወጣ ውስጡ ሻግቷል፣ አይጸዳም። የጨርቅ አሻንጉሊት በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የአዳማ ፀሐይ ለዚህ አታሳፍርም። ፕላስቲኩን ግን ለቀናት እዚያው አትርሱት፣ ፀሐይ ያደርቀውና እየተሰባበረ ስለታም ይሆናል።

«ዎከር ቶሎ ያስኬዳል»

ዎከር ማለት ሕፃኑ ውስጡ ሆኖ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ መቀመጫ ነው። አያስኬድም። ካናዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሸጡንም ማስገባቱንም ከልክላለች፣ ያገለገለውንም ጭምር። ምክንያቱ ደረጃ ላይ የሚደርሰው አደጋ ነው። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሻጩ ምርቃት ነው ብሎ ቢጨምርላችሁም ይቅርባችሁ።

«አንዴ ከከፈልን መብት የለንም»

አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ የሚናገረው ግን ስለ ነጋዴ ነው፤ ደረሰኝ የማይሰጥና ስሙን በየሳምንቱ የሚቀያይር የቴሌግራም ሻጭን ይዞ መሟገት ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትላኩ። ትንሽ ቀብድ፣ ቀሪው ዕቃው ሲደርስ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ ላኪ» ሲባል የሚቸኩል ሰው ነው የሚበላው። የተጻጻፋችሁትን፣ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቱን፣ ገንዘቡ የገባበትን ስም አታጥፉ። ማዳበሪያው ሲፈታም አንድ ሰው ቪዲዮ ይቅረጽ። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነውና እንደደረሰ በዕለቱ ፍቱት፣ አልጋ ሥር አስገብታችሁ «ቅዳሜ እናየዋለን» አትበሉ።