ሃይማኖታዊ መቋቋም ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ የካህናት ድካም በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፦ «ሃይማኖታዊ መቋቋም ማለት ጸሎት ነው፤ የዛለ ቄስ ጸሎት ያብዛ።» ስሕተት ነው፤ ካህኑንም ይጎዳል። መቋቋም የምንለው (የማኅሌቱን አቋቋም አይደለም) መከራ ሲመጣ ሰው እምነቱን የሚይዝበትን አኳኋን ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ ይህን ለመለካት ያዘጋጁት አጭር መጠይቅ 14 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። 7ቱ አምላክን መጠጊያ ማድረግን፣ 7ቱ (አሉታዊዎቹ) «ትቶኝ ይሆን?»፣ «በምን ኃጢአቴ ቀጣኝ?» ማለትን ይመለከታሉ። ሁለቱም ዓይነት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሊጸልይ ይችላል።

የጣናን ታንኳ እናስብ። የሚንሳፈፈው ደንገሉ አየር ስለያዘ ነው። ሲውል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። «ጸሎት አብዛ» ማለት ውሃ የጠጣውን ታንኳ «በርትተህ ቅዘፍ» እንደማለት ነው። ጭነቱን የጫነው ማን እንደሆነም መጠየቅ አለበት።

ጭነቱ ብዙ ጊዜ ፍጽምና ናፋቂነት ነው፤ ይህንንም ከትጋት ጋር ያምታቱታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሂዊትና ፍሌት በ1991 እ.ኤ.አ. በሦስት ከፈሉት፦ ከራስ ፍጽምናን መጠበቅ፣ ከሌላው መጠበቅ፣ ሌሎች ከእኔ ይጠብቃሉ ብሎ ማመን። ከመዛልና ከድባቴ ጋር በብርቱ የሚያያዘው ሦስተኛው ነው። ቅዳሴ ላይ ዜማ የሳተ ካህን «ነገ ከመሪጌታው ጋር አጠናዋለሁ» ቢል ትጋት ነው። «ምእመኑ ሁሉ ናቀኝ» ቢል ግን ሦስተኛው ነው፤ ከዚያ ወደ «እግዚአብሔርም አልመረጠኝም» የሚወስደው መንገድ አጭር ነው።

ጭነቱ ከሥራው ሊመጣም ይችላል፤ የሥራ እርካታ ግን በአንድ ቁጥር አይነገርም። ቄሱ መቅደሱን እየወደደ ደመወዙ ወይም ከሰበካ ጉባኤው ጋር ያለው ንግግር ሊያስመርረው ይችላል። የፓርጋመንት መጠይቅም ሳይፈተሽ ወደ እኛ አይመጣም፦ «ይህን ያደረገው ሰይጣን ነው» የሚለው ከአሉታዊዎቹ ይቆጠራል፤ እኛ ዘንድ ግን የዘወትር ትምህርት ስለሆነ ብቻውን ጭንቀትን አያሳይም።

ስለዚህ «አባ፣ ይጸልያሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግረንም። «ሲጸልዩ እግዚአብሔር እንዴት የሚያይዎት ይመስልዎታል?» ይባል። መልሱ «ፊቱን አዞረብኝ» ከሆነ ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ፍላጎት መጥፋቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ወደ ሐኪምም ይሂዱ። በዐቢይ ጾም ግን የምግብና የእንቅልፍ መቀነስን እንደ ምልክት ብቻውን አትውሰዱ፤ ጾሙና ማኅሌቱ ይሸፍኑታል።