1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፦ ከነገሌ ቦረና እስከ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት

1966 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከመስከረም 1973 እስከ መስከረም 1974) የኢትዮጵያ ዘውዳዊ አገዛዝ የፈረሰበት ዓመት ነው። በሰው አፍ «ስድሳ ስድስት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አብዮቱ ማለት ነው። ይሁን እንጂ አብዮቱን አስቀድሞ ያቀደው አልነበረም፤ የመራው ፓርቲም ሆነ ግለሰብ አይገኝም። ወታደሩ የሚጠጣ ውኃ፣ ባለታክሲው ርካሽ ቤንዚን፣ መምህሩ ደመወዝ ጠየቀ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት የሚችል ሰው በመንግሥቱ ውስጥ ስላልነበረ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ተቀጣጠሉ።

ዓመቱ ሲጠባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ81 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ዘውድ ከደፉ 43 ዓመት ሊሞላቸው የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር፤ የአልጋ ወራሽነት ዘመናቸው ሲታከልበት ሥልጣን ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተዋል። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በጠና ታመው ለሕክምና ውጭ አገር ከሄዱ ወራት አልፈዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከ1953 ጀምሮ በዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ከጃንሆይ በኋላ አገሪቱን ማን ይረከባል የሚለውን ጥያቄ ሁሉም በሹክሹክታ ያነሳዋል፤ በአደባባይ የሚናገረው ግን አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። ዝናቡ ከከዳ ቆይቷል፤ ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ በመጨረሻም ቤቱን ጥሎ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ከተሞች ወርዷል። የሞተው ሰው ብዛት ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይለያያል፤ ልዩነቱ ራሱ የመንግሥትን ዝምታ ያሳያል፤ ሟቹን የቆጠረ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ይዘው ቢመለሱም ባለሥልጣናቱ ጉዳዩ እንዳይሰማ ነው የተሯሯጡት። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን ምሥጢሩ የዓለም ሆነ። (ዙፋኑን በዚሁ ረሃብ የከሰሰው ወታደራዊ መንግሥት በ1977 አሥረኛ ዓመቱን በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ዳግም በረሃብ ውስጥ ነበሩ።)

በዚያው ወር የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የነዳጅን ዋጋ ሰቀለው። ኢትዮጵያ ጥቅምት 13 ቀን ከእስራኤል ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች፤ የቤንዚን ዋጋ ግን በዚህ አልቀነሰም።

የነገሌ ውኃ

የመጀመሪያው ዐመፅ የተነሳው ከዋና ከተማው ርቆ፣ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ነገሌ ቦረና በሰፈረው አራተኛ ብርጌድ ውስጥ ነው። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ አናስነካም አሉ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን ያዙና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ላኩ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ያዟቸው፤ እነርሱ የሚበሉትን አብልተው፣ የሚጠጡትን አጠጥተው አሳመሟቸው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ መዘዝ ያመጣው ግን የዐመፁ ፍጻሜ ነው። የተቀጣ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሁኔታው ይሻሻላል የሚል ተስፋ ተሰጠ። ወሬው በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ በየጦር ሰፈሩ ተዳረሰ። በአንድ ሥርዓት ውስጥ ማመፅ ቅጣት ሳይሆን ጥቅም እንደሚያስገኝ አንዴ ከታየ ቀጣዩን ማስቆም አስቸጋሪ ነው፤ በየካቲት መጀመሪያ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ባልደረቦች ተከተሉ።

የካቲት

የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም ሥራ አቆሙ። ባለታክሲዎቹን ያስቆጣው ቤንዚን እስከ ግማሽ ያህል መወደዱ ሲሆን ታሪፍ እንዳይጨምሩም ተከልክለው ነበር። መምህራኑ የደመወዝ ጥያቄ ቢኖራቸውም ሕዝቡን ከጎናቸው ያሰለፈው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ልጆች የጥቂት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት በቂ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ልጄ ተምሮ ያልፍለታል ብሎ ለሚኖር ወላጅ ይህ በር መዝጋት ነበር። ተማሪው ወጣ፣ ሥራ ፈቱ ተከተለው፣ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፤ የትምህርት ዕቅዱም እንዲዘገይ ተደረገ።

ከሁለት ቀን በኋላ አስመራ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ዐመፀ። የከተማዋን ሬዲዮ ጣቢያ ይዞ ጥያቄውን በአየር አሰማ፤ የምጽዋ ባሕር ኃይልም ተቀላቀለው። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ በማግስቱ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ።

እንዳልካቸው ኦክስፎርድ የተማሩ፣ በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን የወከሉ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበሩ። አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ዘመን ይብቃ ሲል የመጣለት መሪ ከዚያው ቤት የወጣ ነበር። አዲሱ ካቢኔ የሕገ መንግሥት ማሻሻያና የመሬት ይዞታ ለውጥ ቃል ገባ፤ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ከ1957 ጀምሮ ሲጮኽ ለኖረ ተማሪ ግን ቃል ብቻ የሚያጠግብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አድማ ያልመታ መሥሪያ ቤት መጥቀስ ይቀላል። ከየካቲት 28 ጀምሮ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ለአራት ቀን አካሄደ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሳይቀሩ ደመወዝ ጠየቁ። ከሰልፎቹ ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለሚያዝያ 12ቱ ነው፤ መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ሙስሊም፣ ክርስቲያን ደጋፊዎችም ታክለውበት፣ በአዲስ አበባ አደባባይ የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕገ መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ጠባቂ በሆኑበት አገር ይህ የደመወዝ ጥያቄ ሳይሆን የመንግሥቱን መሠረት የሚነካ ጥያቄ ነበር።

ደርግ

በሚያዝያ የቀድሞዎቹ ሚኒስትሮች ታሰሩ። እንዳልካቸው በዚህ ጦሩን ያረጋጉ መስሏቸው ነበር። ሰኔ 21 ቀን ግን ከየክፍሉ የተወከሉ፣ ከሻለቃ ማዕረግ የማይበልጡ መኮንኖች፣ ባለሌላ ማዕረጎችና ተራ ወታደሮች በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ተሰብስበው የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግን አቋቋሙ። ቁጥራቸው ከመቶ ትንሽ ይበልጣል። ስማቸውን ለሕዝብ አልገለጹም፤ ከሐረር የመጣው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ያኔ ከጓዶቹ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

የደርጉ ስልት ቅልጥፍናው ያስገርማል። መኳንንትና ሹማምንት በሬዲዮ ስማቸው እየተጠራ እጃቸውን እንዲሰጡ ይታዘዛሉ፤ አብዛኞቹም በገዛ እግራቸው ሄደው ይሰጣሉ። ይህ ሁሉ «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» በሚል መፈክርና በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይፈጸም ነበር። ሐምሌ 15 ቀን፣ ጃንሆይ 82 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እንዳልካቸው ተሽረው ልጅ ሚካኤል እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ተጠያቂነት ከንጉሡ ወደ ፓርላማ ያዛወረው ረቂቅ ሕገ መንግሥት በዚሁ ክረምት ቢወጣም የሚያስፈጽመው ወገን ስላልነበረው ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ነሐሴ የማፍረስ ወር ነበር። በ10ኛው ቀን የዘውድ ምክር ቤትና የዙፋን ችሎት ተሻሩ፤ በ19ኛው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተባለ። በዚሁ ጊዜ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት የኅቡዕ ጽሑፎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር፤ ወታደሩ ሥልጣኑን ለሲቪል ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ የሚለው ጥያቄ በሰፊው ተነሳ።

በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሳይሆን በዕለቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ለኢትዮጵያውያን በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ጠዋት የደርጉ መልእክተኞች ለንጉሠ ነገሥቱ የሽረት አዋጁን አነበቡላቸውና በፎልክስዋገን አሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። አዋጁ ሕገ መንግሥቱን አግዶ ፓርላማውን በተነ፤ ዘውዱን ግን ወዲያው አላጠፋም፤ አልጋ ወራሹ ተመልሰው ያለ ሥልጣን ይንገሡ ይላል። ዘውዱ በሕግ የተሻረው መጋቢት 12 ቀን 1967 ነው። «ያለ ምንም ደም» የሚለው መፈክር ደግሞ ያበቃው ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት አክሊሉና እንዳልካቸው ጭምር ያሉባቸው 60 ገደማ ሰዎች ያለ ፍርድ ሲገደሉ ነው።

እንግዲህ ንጉሡ የወረዱት በ66 ሳይሆን በ67 ነው። አብዮቱ ግን በ66 ይጠራል፤ ለዚህም የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የፖለቲካው ክርክር ምክንያት አለው። ደርግ የአብዮት በዓል አድርጎ በየዓመቱ ያከበረው መስከረም 2ን ነው፤ ሥልጣን የያዘበት ቀን ስለሆነ። ሕዝቡ ያመጣውን ለውጥ ወታደሩ ቀማን የሚሉት ተቃዋሚዎቹ ግን የሚቆጥሩት ከየካቲት ነው።