ስለ ካንሰር ኢንተርኔት ላይ ስናነብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካንሰር ተገኘ በተባለበት ቤት የመጀመሪያው ሌሊት የሚያልፈው ስልክ ላይ ነው። ታማሚው ይፈልጋል፤ ልጆቹ ይፈልጋሉ፤ ዘመድ ያገኘውን ሁሉ ይልካል። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይገባም። ሐኪም ፊት ያልመጣ ጥያቄ ቤት ሲገቡ ነው ትዝ የሚለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያገኘነውን የምንመዝንበት መንገድ ነው።

«ጉግል ላይ ቀድሞ የመጣው ትክክለኛው ነው»

ከላይ ከሚወጡት አንዳንዶቹ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። የተቀሩትንም ሐኪም ቁጭ ብሎ አንብቦ አልደረደራቸውም። አድራሻው በ«ዶት ኦርግ» ማለቁም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማንም ከፍሎ ሊያስመዘግበው ይችላል። የቆዩ ገጾች ላይ ደግሞ «ሆን ኮድ» የሚል ምልክት ሊታይ ይችላል። ጄኔቫ የነበረ ድርጅት በ1990ዎቹ የጀመረው የጥራት ማኅተም ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሥራውን ስላቆመ ምልክቱን ዛሬ የሚከታተለው የለም።

«ከባድ ጽሑፍ ሳይንሳዊ ነው፤ ቀላሉ ላልተማረ ሰው ነው»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለታማሚ የሚጻፍ ነገር ከ6ኛ ክፍል የንባብ ደረጃ እንዳይበልጥ ይመክራል። የካንሰር ድረ ገጾችን የመዘኑ ጥናቶች ግን በተደጋጋሚ የሚያገኙት ከዚያ እጅግ የከበደ ነው፤ ብዙዎቹ ለ10ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ለተማረ ሰው የሚመጥኑ ናቸው። አንባቢው ምን ያህል እንደተማረ ብቻም አይደለም ነገሩ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰውም የባዮፕሲ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤቱን በሰማ ማግስት ረጅም አንቀጽ ጨርሶ ላይገባው ይችላል። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት የማከም) ድካም የማንንም ጭንቅላት ያፈዛል።

እስቲ እነዚህን ሁለት አጻጻፎች አስተያዩ። አንደኛው፦ «የኒውትሮፊል መጠን መቀነስን ተከትሎ የሚከሰት ትኩሳት አስቸኳይ ክሊኒካዊ ግምገማን ይጠይቃል።» ሁለተኛው፦ «ኬሞ እየወሰዱ ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይደውሉ ወይም ይሂዱ። እስኪነጋ አይጠብቁ።» ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰው የሚያድነው ሁለተኛው ነው። እንደዚያ ለመጻፍ ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ እውቀት ያስፈልጋል፤ ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደማይቀር መለየት አለበትና።

«እንግዲያው በደንብ ከገባኝ ጥሩ መረጃ ነው»

ይህም አይሆንም። እንደ ፍሌሽ እና ስሞግ ያሉት የንባብ መለኪያዎች የሚቆጥሩት የዓረፍተ ነገር ርዝመትና የቃላት ክፍለ ድምፅ ነው። የተሠሩትም ለእንግሊዝኛ ነው። «ሎሚ ካንሰርን ይገድላል» የሚል ሐሰት በዚህ ዓይነት ልኬት ጥሩ ውጤት ያገኛል።

ለጥራት ሌላ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ ውስጥ የተዘጋጀው «ዲሰርን» ስለ ሕክምና ምርጫ የተጻፈን ነገር በ16 ጥያቄዎች ይፈትሻል። መረጃው ከየት መጣ? መቼ ተጻፈ? ጥቅሙን ብቻ ነው ወይስ ጉዳቱንም ይናገራል? ካልታከሙ ምን እንደሚሆን ይገልጻል? ገና ያልታወቀውን «አልታወቀም» ይላል? እኔ የመጨረሻውን ጥያቄ አብልጬ እወደዋለሁ። ስለ ካንሰር ጽፎ አንድም የሚጠራጠርበት ነገር የሌለው ሰው ያሳስበኛል።

«ይህን ያህል ሰው ሼር ያደረገው ውሸት ሊሆን አይችልም»

ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ስለ 4 የተለመዱ የካንሰር ዓይነቶች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በጣም የተዛመቱ 200 ጽሑፎችን ለባለሙያዎች ሰጥተው አስመዘኑ። ከ3 አንዱ ገደማ የተሳሳተ መረጃ ነበረበት። የተሳሳተው ከትክክለኛው ይልቅ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል።

«ዕፅዋት ናቸው፤ ባይጠቅሙ አይጎዱም»

«ቫይታሚን ቢ17» እየተባለ የሚሸጠው የአፕሪኮት ፍሬ አስኳል ቫይታሚን አይደለም። ሰውነት ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል። ከዚሁ ወገን የሆነውና የካንሰር መድኃኒት ነው ይባል የነበረው ሌይትሪል እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ ጥናት በ178 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ፋይዳ አላሳየም። ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ደግሞ እንደ ኢማቲኒብና አይሪኖቴካን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያላቸውን መጠን ይቀንሳል። ታማሚው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ መድኃኒቱ ሳይሠራለት ሊቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሊታከም የሚችል ካንሰር ይዟቸው አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል።

«የተጻፈው ቁጥር የእኔ ቀሪ ዕድሜ ነው»

ስቲቨን ጄይ ጉልድ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1982 የሆድ ሜሶቴሊዮማ (የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ካንሰር) ተገኘበት። ያነበባቸው ጽሑፎች ከምርመራው በኋላ ያለው መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜ 8 ወር ነው ይላሉ። ነገር ግን መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ ይኖራሉ ማለት ነው። ምን ያህል በላይ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። ጉልድ 20 ዓመት ኖረ፤ በ2002 የሞተውም በሌላ ካንሰር ነው። ሁሉም እንደ እሱ ይሆናል አልልም። ቁጥሩ የብዙዎችን ታሪክ እንጂ የአንድን ሰው ቀጠሮ አይናገርም። የ5 ዓመት የመትረፍ መጠን የሚባለውም የሚሠራው ቀደም ባሉት ዓመታት በታመሙ ሰዎች ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሕክምና አይታይበትም።

«ኤአይ ከጠየቅኩ ይበቃል»

እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች ለጥያቄ መልስ የሚጽፈውን የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ቻትጂፒቲን ስለ ካንሰር ሕክምና ጠይቀው ነበር። ከመልሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከሕክምና መመሪያው ጋር የማይስማማ ምክር ነበረባቸው። የሚከፋው፣ ትክክሉና ስህተቱ እዚያው አንድ መልስ ውስጥ ተቀላቅለው መምጣታቸው ነው። ባለሙያ ላልሆነ ሰው መለየቱ ይከብዳል።

«ያነበብኩትን ብናገር ሐኪሙ ይቀየመኛል»

የሚወስዱትን ዕፅ መደበቅ ነው አደጋው። ገጹን በስልክዎ ይዘው ይግቡና «ይህ የእኔን ዓይነትና ደረጃ ይመለከታል?» ብለው ይጠይቁ። ጡት ካንሰር ብቻ ብሎ መፈለግ የሌላ ሰው በሽታ ላይ ይጥላል፤ የሆርሞንና የሄር2 (በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛ ፕሮቲን) ምርመራ ውጤት ሲለያይ ሕክምናውም ይለያያል። ስለዚህ ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት የካንሰሩን ሙሉ ስም፣ ደረጃውንና የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱን በወረቀት ያስጽፉ። ማታ ሲፈልጉ የሚጽፉት እሱን ይሁን።