ስለ ሂዩይ ሎንግ የሚባሉና ያልሆኑ ነገሮች

ሂዩይ ሎንግ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1932 የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት አገረ ገዥ ነበር። ከዚያ በ1935 በጥይት ተመትቶ እስኪሞት ድረስ ሴናተር ሆኖ ሠርቷል። «እያንዳንዱ ሰው ንጉሥ ነው» እያለ ድሃውን ከጎኑ አሰለፈ። ስለ እሱ ደጋግመው የሚነሱ አባባሎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ልክ አይደሉም።

«አፈ ጮሌ እንጂ ሥራ የለውም»

ሥራማ ነበረው። ለተማሪዎች መጽሐፍ በነፃ አደለ። ጭቃ በነበረበት አስፋልት አነጠፈ፣ ድልድይ ሠራ። ማንበብ ለማይችሉ አዋቂዎች የማታ ትምህርት አስፋፋ። በ1934 ደግሞ ድሃው ድምፅ ለመስጠት ይከፍለው የነበረው ግብር ቀረ። ጥቁሮች ግን በሌላ ዘዴ ከምርጫ እንደታገዱ ቆዩ፤ ይሄ መረሳት የለበትም። ያም ሆኖ ለልጁ መጽሐፍ መግዛት ያቃተው አባት ቢወደው ምን ይገርማል?

«የከሰሱት ሁሉ ለእውነት የቆሙ ነበሩ»

በ1929 ከሚጣራው እያንዳንዱ በርሜል ነዳጅ ላይ 5 ሳንቲም ግብር ልጣል አለ። ስታንዳርድ ኦይል የተባለውን ግዙፍ የነዳጅ ኩባንያ የሚነካ ነገር ነው። ወዲያው የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ከሥልጣን ሊያወርዱት ክስ መሠረቱ። ከክሶቹ መካከል መሠረት ያላቸው ነበሩ፤ ጊዜው ግን ብዙ ይናገራል። እሱም በንጹሕ መንገድ አላመለጠም። ከ39ኙ የግዛቲቱ ሴናተሮች 15ቱ፣ ማስረጃው ምንም ይሁን ምን አንፈርድበትም ብለው ፈረሙ፤ ለመፍረድ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ክሱ ከሸፈ። በኋላ ከፈራሚዎቹ ሹመት ያገኙ አሉ።

«ለድሃ እስከሠራ ድረስ መንገዱ ምን ያደርጋል?»

እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። ሎንግ ከመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለፖለቲካው ካዝና ያስቆርጥ ነበር። ተቃዋሚዎቹን ባለሀብት ሲደግፋቸው እሱ ከየት ያምጣ? ጥያቄው የምር ነው፤ አልንቀውም። ግን ያ ሠራተኛ «አልከፍልም» ማለት ይችላል ወይ? እንጀራውን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ያው ሰው ነው። ያ ሠራተኛም ሎንግ ቆሜለታለሁ ከሚለው ሕዝብ አንዱ ነበር።

በ1934 ደግሞ በሳምንት ከ20,000 ቅጂ በላይ በሚያሰራጩ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ ላይ የ2 በመቶ ግብር ተጣለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚቃወሙት ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን በ1936 ሻረው፤ ሎንግ ግን ያኔ በሕይወት አልነበረም። መጽሐፍ በነፃ ያደለው ሰውና ጋዜጣ ሊያፍን የሞከረው ሰው አንድ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም።

«ኮሚኒስት ነበር»

አልነበረም። የሀብት ጣሪያ ይኑር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብም መነሻ ሀብት ይኑረው አለ። የግል ንብረት ይቅር አላለም።

«እሱ ሲሞት ሁሉም አበቃ»

የፖለቲካ ወራሹ ሆኖ በ1936 የተመረጠው አገረ ገዥ ሪቻርድ ሌሽ በ1939 በሙስና ቅሌት ሥልጣን ለቀቀ፤ በኋላም ታሰረ። ሎንግ ዙሪያውን የሞላው እሺ በሚሉ ሰዎች ነበር። እሱ ሲሄድ ያ ሁሉ ሥልጣን በእነሱ እጅ ቀረ።